ሁለት ሰዓት ላይ የዘጋሁት በር

ጡረታ እረፍት ነው ያለኝን ሰው ባገኘው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እግርስ? እግር በየትኛው ደንብ ነው ጡረታ የሚወጣው? ይኸው ኮምቦልቻ ደጄ ላይ ተቀምጬ፣ ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ባየሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ። የመጀመሪያው ሰሞንማ ጭራሽ ባሰብኝ። ኮቴን ደርቤ፣ ጫማዬን ወልውዬ መንገድ ስጀምር ባለቤቴ ፋጡማ ከኋላዬ ትጮህብኛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ወዴት ነው? ጋቢ አልብሰው ሸኝተውህ የለም እንዴ!»

እውነቷን ነው፤ አልብሰውኛል። ንግግርም ተደርጎልኛል። ምክትሌ የነበረው ልጅ ተነስቶ፣ «ጋሽ ይመር በሄዱበት ሁሉ ሰዓት ያስከበሩ ርዕሰ መምህር ናቸው» ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን ያን ጭብጨባ ስሰማ የተቀመጥኩበት ወንበር ቆረቆረኝ። ይህን የምጽፈው እስካሁን ስለሚቆረቁረኝ ነው።

ማስተማር የጀመርኩት ቢስቲማ ነው። ከዚያ ቦሩ ሜዳ፣ ከዚያ ደሴ፣ ከዚያ የሐርቡ አካባቢ፣ መጨረሻ እዚሁ ኮምቦልቻ። የደመወዙንና የዝውውሩን ወረቀት ነገር ልተወው፤ እሱን ያልቀመሰ መምህር ስለሌለ ማንንም አያስደንቅም።

ቢስቲማ የነበሩት ርዕሰ መምህር ጋሽ ሙሄ ይባሉ ነበር። ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ስባሪ ጠመኔ አይጠፋም። ቢሮ ነበራቸው፤ ወንበሩ ላይ ግን አቧራ ተኝቶበታል፤ አይቀመጡበትማ! ትምህርት ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው መምህራኑን ሰብስበው ሰሌዳ ያስቀቡናል። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ እንሰባብርና ውስጡን ጥቁሩን ነገር እንወቅጣለን፤ በውሃና በቅጠል ጭማቂ አሽተን ሰሌዳውን እንቀባለን። እሳቸው እጃቸው እስከ ክንዳቸው ጠቁሮ ከኋለኛው ወንበር ላይ ሄደው ይቀመጡና፣ «ከዚህ አይታይም፤ ድገሙት» ይላሉ። ከፊት ቆመው ሰሌዳ ሲመረምሩ አንድም ቀን አላየሁም። ሁልጊዜ ከኋላ ነው።

ክፍል ስጨርስ ደግሞ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው።

«ዛሬ ማን አልገባውም?»

የመጀመሪያው ሳምንት፣ «ሁሉም ገብቷቸዋል ጋሼ» አልኳቸው።

«ማሻአላህ! እንግዲያው ነገ እኔም ልማር።»

በማግስቱ ደብተር ይዘው ከልጆቹ ጋር ተቀመጡ። እኔ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ እሳቸው ጎናቸው ያለውን ልጅ በሹክሹክታ፣ «ይቺ ነገር ከየት መጣች?» ይሉታል። ልጁ፣ «እንጃ» ይላል። ወደዚያኛው ዞረው ይጠይቃሉ፤ እሱም፣ «እንጃ።» ወላሂ፣ ያን ቀን ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲወርድ ተሰምቶኛል። ከዚያ ወዲህ ስም ይዤ መውጣት ተማርኩ። ያልገባውን ስሙን ጠርቶ የማያውቅ መምህር ማስተማሩንም አያውቅ ይሉ ነበር።

ሌላም ልማድ ነበራቸው፤ እሱን ነው ያልተማርኩት። በየመንፈቁ አንድ ቀን ልጆቹን እስከ መጨረሻው ቤት ድረስ በእግራቸው ይሸኛሉ። ስለ ትምህርት አያወሩም። ደጅ ላይ ሰላምታ ሰጥተው፣ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ጠይቀው፣ ውሃ ጠጥተው ይመለሳሉ። «የልጁን መንገድ ያልሄድክበት እንደሆነ ልጁ ማን እንደሆነ አታውቅም» አሉኝ። እኔ ወጣት ነኝ፣ ጫማዬም አዲስ ነው። ሁለት ጊዜ አብሬያቸው ሄጄ በሦስተኛው ራሴን አመመኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ በየመንፈቁ ራሴን ያመኝ ነበር።

ቦሩ ሜዳ ብርዱን ቻልኩ፣ ምክትል ሆኜ ወደ ደሴ ተዛወርኩ። እዚያ ያገኘሁት አለቃ የጋሽ ሙሄ ተቃራኒ ነው። ሪፖርት ካላማረ ሥራ አልተሠራም ባይ ነው። እሱ ዘንድ ዕቅድ መጻፍ፣ ሠንጠረዥ መሥራት፣ ቁጥር በቀለም መለየት እንደ ጉድ ተማርኩ። አልዋሽም፣ ወደድኩትም። ቁጥር አይከራከርህም፤ የጠየቅከውን ብቻ ይመልስልህና ዝም ይላል። ያልጠየቅከውን ግን ደብቆ እንደሚያስቀር የገባኝ በጣም ቆይቶ ነው።

ሐርቡ አካባቢ ወዳለ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኜ ስሄድ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የግንቡ አይደለም። እዚያ የጠበቀኝ ችግር ማርፈድ ነበር። አንደኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ክፍሉ ግማሽ ነው፤ መምህሩ የጀመረውን አቋርጦ ግቡ፣ ተቀመጡ ሲል ሰዓቱ ያልቅበታል። የትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅዴ ላይ ከሁሉ በላይ በደማቁ ጻፍኩ፤ «ማርፈድን ዜሮ ማድረግ።»

ከጥቅምት ጀምሮ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ይዘጋል። ዘበኛው አባ ከማል ቁልፉን ይዞ፣ እኔ ጎኑ ቆሜ። ያረፈደ ይመለሳል፤ ወላጁን ይዞ ይመጣል። በየሳምንቱ ደግሞ ቀድሞ ለሚደርስ ልጅ በሰልፍ ላይ ደብተር እሸልማለሁ። አባ ከማል የመጀመሪያው ቀን፣ «ጋሼ፣ ይህቺ ልጅ እኮ ከሩቅ ነው የመጣች» ቢለኝ፣ «ሩቅ ከሆነ ቀድማ ትነሳ!» አልኩት። እንዴት ያለ ብልህ መልስ መሰለኝ መሰላችሁ።

በሁለት ወር ማርፈድ ጠፋ። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስድ ይባል የለ? ከወረዳው ዋንጫ ተሰጠኝ። ከሌላ ወረዳ ሳይቀር ርዕሳነ መምህራን ለልምድ ልውውጥ መጡ። በሩን አሳየኋቸው! በር ለማየት አገር አቋርጠው መጥተው፣ ማስታወሻ ይዘው፣ ፎቶ አንስተው ሄዱ።

እነሱ በሄዱ ማግስት የባዮሎጂ መምህርቷ ሉባባ ቢሮዬ ገባች። ዝምተኛ ናት፤ ከተናገረች ግን አትመለስም። የስም መጥሪያውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ጋሽ ይመር፣ አርፋጆቹን አሸነፍናቸው አይደል?»

«አልሐምዱሊላህ፣ አሸነፍን።»

«እንግዲያው የት ሄዱ?»

ጣቷን አንድ ስም ላይ አደረገች። ሰዓዳ፣ ዘጠነኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሳ አሥረኛ የገባች ልጅ። መስከረም ላይ በየቀኑ ማለት ይቻላል «አ» ተጽፎባታል፤ አርፍዳለች ማለት ነው። ኅዳር ላይ «አ» ጠፍቶ «ቀ» ሆነ፤ ቀርታለች። ከዚያ በቀይ ተሰርዛለች። ሉባባ ሌላ ስም አሳየችኝ፣ ሌላም። ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ሁሉም ከላይኛው መንገድ የሚመጡ። ማርፈድ የጠፋው የሚያረፍዱት ስለጠፉ ነው።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ? ተቆጣሁ። «የቤተሰብ ችግር ነው፤ ሁሉን ነገር ትምህርት ቤት ላይ አትለጥፉ!» ብዬ ሸኘኋት። ለወረዳው የሚላከውን ትምህርት ያቋረጡ ተማሪዎች ቅጽ ሳብኩና ሰዓዳ ከሚለው ስም ፊት ለፊት፣ ምክንያት በሚለው ሣጥን ውስጥ፣ «በራሷ ፈቃድ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበትም።

ፈርሜ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ግቢውን ዞርኩ፣ ደግሞ ዞርኩ። ባዶ ወንበር ባየሁ ቁጥር ጋሽ ሙሄ ከኋላ ተቀምጠው የሚያዩኝ ይመስለኛል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ትምህርት ቤቱን ለምክትሌ አደራ ብዬ የላይኛውን መንገድ በእግሬ ያዝኩት። ራሴን አላመመኝም።

ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብኝ። ቁጥቋጦ ነው፣ ከዚያ ሰው የማይታይበት ገደል ነው፣ ከዚያ ዳገት። የሰዓዳ ቤት የመጨረሻው ነው፤ ከሱ ወዲያ ያለው ማሽላ ብቻ ነው። አባቷ አባ ሰይድ ማሽላው መሀል ቆመው ወፍ ይጠብቃሉ። ወንጭፋቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም።»

«ወአለይኩም ሰላም። አንቱ ርዕሰ መምህሩ አይደሉም እንዴ? ግቡ፣ ግቡ፣ ፀሐይ መትቶዎታል።»

ውሃ አጠጡኝ። ሰዓዳ ሻርፗን እያስተካከለች መጥታ እጄን ሳመች። አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። እንደ ጋሽ ሙሄ ስለ ዝናብ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ውሃውን እንኳ ሳልጨርስ ጀመርኩ።

«ሰዓዳ፣ ለምንድነው የምታረፍጅው?»

«ጋሼ፣ እኔ አርፍጄ አላውቅም» አለች። «ፈጅር እንደተሰገደ ነው ከቤት የምወጣ።»

«ታዲያ?»

«ገደሉን አዩት አይደል? ሴት ልጅ ብቻዋን አትሻገረውም። ድሮ የመንገዱ ልጆች በየደጃቸው ይጠብቁኛል። እኔ ከላይ ስመጣ አንድ አንድ እየተቀላቀሉ አብረን ነበር የምንወርድ። አንዷ ከዘገየች ሁላችንም እንዘገያለን እንጂ ጥለን አንሄድም። በሩ መዘጋት ሲጀምር የቅርቦቹ መጠበቅ ተዉ። ቀጥለው የመሀሎቹ ተዉ። እኔ መጨረሻ ነኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ገበያተኛ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ከሱ ጋር ተሻግሬ ስደርስ በሩ ተዘግቷል።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«በር ላይ ይነገራል እንዴ ጋሼ? ወላጅ አምጪ አሉኝ። አባቴን ይዤ ልመጣ ማሽላውን ወፍ ይጨርሰው?»

በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። እነዚህ ልጆች ማንም ሳያዛቸው፣ ማንም ዕቅድ ሳይጽፍላቸው እርስ በርስ እየተጠባበቁ ነበር የሚማሩት። እኔ ያንን ማርፈድ ብዬ ስም አወጣሁለትና አፈረስኩት። በላዩም ዋንጫ ተቀበልኩበት።

«ነገውኑ በሩ ይከፈታል» አልኩ ወደ አባቷ ዞሬ። «ልጅዎን ይስጡኝ፤ አደራ በሰማይ።»

አባ ሰይድ ወንጭፉን ከአንገታቸው አውርደው መሬት ላይ አስቀመጡት።

«እኔማ ልጄን አንቱ ዘንድ ሰድጄ ነበር። መልሰው ሰደዱልኝ። አሁን ፓስፖርቷ ወጥቷል፤ አክስቷ ጅዳ ሥራ አግኝታላታለች፤ ቃል ሰጥቻለሁ።» ከዚያ ፊቴን አይተው ነው መሰለኝ ትከሻዬን ያዙኝ። «አብሽሩ፣ ሰው አይደሉ? ሰው ይሳሳታል።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ በሩን አስከፈትኩ። የላይኛውን መንገድ ልጆች ሰብስቤ፣ እባካችሁ እንደ ድሯችሁ ተጠባበቁ አልኳቸው። አንዷ እጇን አወጣች። «ጋሼ፣ ቀድሞ የደረሰ ይሸለማል ያሉን አንቱ ነዎት እኮ» አለች። የመንገድ ቡድን የሚባል አዲስ ሥርዓት አወጣን፤ የአንድ መንገድ ልጆች ስማቸው አንድ ላይ ይጠራል፤ አብረው ከደረሱ በስንትም ሰዓት ይምጡ አርፋጅ አይባሉም፤ አንዷ ከጎደለች ግን ቡድኑ ወዴት እንዳለች ይጠየቃል። አንደኛውን ክፍለ ጊዜም ሉባባ ባመጣችው ሐሳብ የክለሳ አደረግነው፤ ዘግይቶ የገባም እንዳይጎዳ። ለማፍረስ ሁለት ወር የበቃኝን ለመመለስ ዓመቱን ሙሉ ታገልኩ። አንዳንዶቹ ተመለሱ። ሰዓዳ ግን ጥር ሳይወጣ ሄደች።

ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ የልጆችን መንገድ ሄጃለሁ። ኮምቦልቻም ከጦርነቱ በኋላ ወንበር የሌለው ክፍል ተረክቤ፣ ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሲማሩ፣ መጀመሪያ ያደረግኩት ያልመጣው ማን ነው ብዬ በየቤቱ መዞር ነው። ሰው ይህን አይቶ ትጋት ይለዋል። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ዕዳ ነው እንጂ ትጋት አይደለም። አንድ መንገድ ቀድሜ ብሄድ ኖሮ የሚል ነገር ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አላስቀምጥ ስላለኝ ነው።

በቅርቡ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ በሬ ተንኳኳ። ጥቁር ሻርፕ የለበሰች፣ ቦርሳ የያዘች ሴት ቆማለች። አላወቅኳትም። እጄን ለመሳም ጎንበስ ስትል ነው ያወቅኳት።

«ሰዓዳ!»

«እኔው ነኝ ጋሼ። ከጅዳ ከተመለስኩ ዓመት አለፈኝ። እዚሁ ኮምቦልቻ ልብስ እሰፋለሁ።»

ፋጡማ ሻይ ልታፈላ ገባች። ሰዓዳ አልተቀመጠችም። ከቦርሳዋ ከቀድሞ ትምህርት ቤቷ ያወጣችውን መሸኛ አውጥታ ሰጠችኝ። ማታ ማታ አሥረኛ ክፍልን ልትማር ፈልጋለች። የማታው ትምህርት ቤት መዝጋቢ መሸኛውን አይታ፣ ቦታው ጥቂት ነው፣ ቅድሚያ የምንሰጠው ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ለተቋረጠባቸው ነው፣ አንቺ በራስሽ ፈቃድ ነው የተውሽው ብላታለች። ሌላ ማስረጃ ካለሽ አምጪ፣ ምዝገባው ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል ብላታለች።

መሸኛው ላይ በአዲሱ ርዕሰ መምህር እጅ ከድሮው ቅጽ የተገለበጠው ቃል፣ «በራሷ ፈቃድ» ይላል። አያይዘው የሰጧት የቅጹ ፎቶ ኮፒ ደግሞ የእኔን ፊርማ ይዟል።

«ልወቅስዎ አይደለም የመጣሁ» አለች። «ፊርማው የአንቱ ስለሆነ ነው። ሌላ ማንን ልጠይቅ?»

ሰዓቴን አየሁ፤ አሥር ሊሆን ነው። ጡረተኛ ማኅተም የለው! ነጭ ወረቀት አወጣሁና በእጄ ጻፍኩ። እኔ ይመር፣ በወቅቱ የዚያ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የነበርኩ፤ ተማሪ ሰዓዳ ትምህርቷን በራሷ ፈቃድ አላቋረጠችም፤ ሦስት ቀን ከበር የመለስኳት እኔ ነኝ፤ ለምን እንደዘገየች አልጠየቅኳትም፤ ቅጹ ላይ የጻፍኩት ሐሰት ነው። ፈርሜ ሰጠኋት።

ቆማ አነበበችው። ሁለተኛ አነበበችው።

«ጋሼ፣ አራት ቀን ነው።»

«ሦስት ነው!» አልኩ። አመሌ ነው፤ ቁጥር ላይ አልሸነፍም። «ሦስቱንም ቀን በር ላይ ነበርኩ። አስታውሳለሁ።»

«ለሱማ ልክ ነዎት። አራተኛው ቀን አንቱ አልነበሩም። አባ ከማልም ጀርባውን ሰጥቶ ነበር፤ አላየኝም። ልጆቹ በሰልፍ ሲዘምሩ በበሩ ፍርግርግ በኩል አያቸው ነበር። ሰልፉ አልቆ ክፍል እስኪገቡ ቆሜ ተመለስኩ። ማንም አልመለሰኝም፤ ግን መጥቼ ነበር።»

እንባዬ መጣ። አልደበቅኩትም፤ በዚህ ዕድሜዬ ማንን ፈርቼ? ሦስት ቀን ተመልሳ፣ ልጅቱ በአራተኛውም ቀን ያንን ገደል ተሻግራ መጥታለች። እኔ አላየኋትም፤ መዝገቡም አላያት።

እስክሪብቶውን አንስቼ «ሦስት» የሚለውን ልሰርዝ ስል እጄ ቆመ። ዕድሜዬን ሙሉ የመለስኩት ወረቀት ትዝ አለኝ፤ ሥርዝ ድልዝ ያለበት ማስረጃ ማንም አይቀበልም።

«እንደገና ልጻፈው» አልኳት። «ከመጀመሪያው ነው የምጽፈው። ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው።»

«አብሽሩ፣ ይደርሳል» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች።

አዲስ ወረቀት አውጥቼ ጀመርኩ፤ በአራተኛውም ቀን እንደመጣች ጨመርኩበት። ሥርዝ እንዳይኖርበት ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። አንድም ጊዜ ሰዓቷን አላየችም፣ አንድም ጊዜ ቶሎ በሉ አላለችም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ባጃጅ ይዘን ስንደርስ መዝጋቢዋ መዝገቧን ልታጥፍ ነበር። ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች፤ ቀና ብላ እኔን አየች፣ ደግማ አነበበች። መዝገቡን መልሳ ገለጠችና የሰዓዳን ስም ጻፈች።